«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»፦ በስልክና በኢንተርኔት ግብይት የገዢና የሻጭ ሐቅ



  

የዛሬው ርዕሳችን ገበያ ነው። ገበያ ስንል ግን ሐራ ገበያ፣ መርሳ ወይም ወልዲያ ወጥተን፣ እህሉን ዘግነን፣ ጨርቁን ዳብሰን፣ የበሬውን ጥርስ አይተን የምንገዛበትን ማለታችን አይደለም። በየቤታችን፣ በየኪሳችን ስለገባው ገበያ ነው። ዛሬ ብዙ ቤተሰብ ስልክ፣ ልብስ፣ ጫማ፣ የቤት ዕቃ ሳይቀር በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ አይቶ ያዛል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ሥራ ላይ ውሏል፤ ባንኮችም በየስልካችን ገብተዋል። ስለዚህ ገንዘቡ ከሐራ ተነሥቶ አዲስ አበባ መርካቶ ለመድረስ የዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳን አይወስድበትም። ዕቃው ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለበት፤ በመኪና ተጭኖ፣ ደሴን አልፎ፣ ቀን ቆጥሮ ነው የሚመጣው። ገንዘቡ ይበራል፣ ዕቃው በእግሩ ይሄዳል። ጣጣው የሚፈጠረው በዚህ መሐል ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንዲት እናት ሐራ ላይ ይኖራሉ እንበል። ልጃቸው ጅዳ በሰው ቤት ሠርታ፣ ከላቧ ቆጥባ 20,000 ብር ላከችላቸው። እርሳቸውም ታናሽ እህቷ ተምራ እንድትሠራበት የልብስ ስፌት መኪና ሊገዙላት አሰቡ። በቴሌግራም ፎቶ አዩ፤ «አዲስ፣ ሙሉ ዕቃ ያለው» ተብሎ ተጽፏል። ሙሉ ገንዘቡን አስቀድመው ላኩ። ከአራት ቀን በኋላ ካርቶኑን ወልዲያ መናኸሪያ ከመኪና ረዳት እጅ ተቀበሉ፤ የማጓጓዣውንም ከፈሉ። ቤት ወስደው ሲፈቱት አሮጌ ሆኖ አገኙት። ቀለም ተቀብቷል፤ መዘውሩ ተሰንጥቋል። ሲደውሉ ሻጩ፣ «እማማ፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፤ ቻናላችን ላይ ተጽፏል» አላቸው። በማግሥቱ ደግሞ ስልኩ አይነሣም።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ብዙ ነው። ሳያዩ መግዛት ራሱ በሸሪዓ ይቻላል ወይ? «አይመለስም» ብሎ መጻፍ የገዢን ሐቅ ያጠፋል ወይ? መንገድ ላይ የተሰበረው የማን ኪሳራ ነው? እያንዳንዱን በአላህ ፈቃድ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ሳያዩ መግዛት ይቻላል ወይ?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ-ን-ኒሳእ 29ኛ አንቀጽ፣ አንዱ የሌላውን ገንዘብ በከንቱ እንዳይበላ ከልክሎ፣ በመዋደድ የሚደረግን ንግድ ፈቅዷል። የንግድ መሠረቱ ውዴታ ነው። ሰው ደግሞ የሚወደው የሚያውቀውን ነው። ያላወቀውን ወደደ ማለት አይቻልም። ዑለማዎቻችን ስላልታየ ዕቃ ብዙ የመረመሩት ለዚህ ነው።

በወሎ ሲቀሩ የኖሩት የሻፊዒይና የሐነፊይ ኪታቦች ይህን ጉዳይ ስልክ ከመፈጠሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ተናግረውበታል። በሐነፊይ መዝሀብ ዕቃን ሳያዩ መግዛት ይቻላል፤ ነገር ግን ገዢው ዕቃውን ባየ ጊዜ የመውሰድም የመመለስም ምርጫ አለው። ይህም ኺያሩ-ር-ሩእያ፣ የማየት ምርጫ ይባላል። በሻፊዒይ መዝሀብ በጠነከረው አቋም አንድን ተለይቶ የታወቀ ዕቃ ሳያዩ መግዛት አይጸድቅም። ሆኖም የዕቃው ዓይነት፣ መጠንና ጥራት ተዘርዝሮ፣ ዋጋው በቅድሚያ ተከፍሎ፣ ዕቃው በሻጩ ትከሻ ላይ ዕዳ ሆኖ የሚቀመጥበት ሰለም የተባለው ውል ተፈቅዷል። በማሊኪይና በሐንበሊይ መዝሀብ ዕቃው በሚገባ ከተገለጸ ግዢው ይጸድቃል፤ ከገለጻው ውጭ ሆኖ ከተገኘ ገዢው ይመልሰዋል።

የመዝሀቦቹን ልዩነት ለዑለማዎች ትተን፣ የጋራ የሆነውን እንያዝ። ገዢው ዓይኑ ባልደረሰበት ቦታ፣ ወይ ካየ በኋላ ምርጫ ሊኖረው ይገባል፤ አለያም ገለጻው በዓይን የማየትን ያህል የታመነ መሆን አለበት። በስልክ የሚሸጥ ሰው ከዕቃው በፊት የሸጠው ቃሉን ነው።

በስልክና በጽሑፍ ስለሚደረግ ውል ደግሞ፣ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1990 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባደረገው ስድስተኛ ጉባዔው ውሳኔ አሳልፏል። በአንድ ቦታ ያልተገናኙ ሰዎች በጽሑፍ፣ በፋክስ ወይም በኮምፒዩተር የሚያደርጉት ውል፣ ጥያቄውና ተቀባይነቱ ሲገናኝ እንደሚጸና ገልጿል። በአንድ ጊዜ በስልክ የሚነጋገሩትንም እንደተገናኙ ሰዎች ቆጥሯቸዋል። ኒካሕን፣ የገንዘብ ምንዛሪንና ሰለምን ግን በየራሳቸው መስፈርት ለይቶ አስቀምጧል። ስለዚህ «በቴሌግራም የተነጋገርነው ውል አይደለም» ብሎ ማምለጥ አይቻልም። ውል ነው፤ በውሉም አላህ ዘንድ እንጠየቅበታለን።

ፎቶ የክምሩ አናት ነው

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አዩ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢያስገቡ ጣታቸው እርጥበት አገኘ። ባለቤቱን ቢጠይቁት ዝናብ መቶት እንደሆነ ነገራቸው። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ያታለለ ሰው ከእርሳቸው መንገድ እንዳልሆነም ነገሩት። ሐዲሡን ሙስሊም ዘግበውታል።

ልብ በሉ፤ ሰውየው እህሉን በውሸት አላወደሰም። ዝናቡንም እርሱ አላዘነበውም። ያጠፋው ጥፋት ደረቁን ከላይ፣ እርጥቡን ከታች ማድረጉ ነው። የዛሬው የስልክ ፎቶ የዚያ ክምር አናት ነው። የፋብሪካውን ፎቶ ለጥፎ ሌላ ዕቃ መላክ፣ ስንጥቁ ያለበትን ጎን ሳያሳዩ ሌላውን ጎን ብቻ ማንሣት፣ የታደሰን ስልክ «አዲስ» ማለት፣ ሁሉም እርጥቡን ከታች ማድረግ ነው። በዚያ ዘመን ገዢው እጁን ከክምሩ ውስጥ አስገብቶ ሊያጣራ ይችል ነበር። ሐራ ላይ የተቀመጠች እናት ግን መርካቶ ባለ ካርቶን ውስጥ እጇን ልታስገባ አትችልም። ስለዚህ የስልክ ነጋዴ የመናገር ግዴታው ከሱቅ ነጋዴ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

«አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ምን ያህል ይሠራል?

ይህን ጽሑፍ በየሱቁ ግድግዳ፣ በየደረሰኙ ግርጌ፣ አሁን ደግሞ በየቻናሉ እናነበዋለን። ሻጩ እንዲህ የሚጽፍበት ምክንያት አለው፤ ለሁሉም ገዢ በሩን ከከፈተ አንዳንዱ ዕቃውን ተጠቅሞበት ሊመልስ ይመጣል። ነገር ግን ጉዳዩን በሁለት መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው፣ ዕቃው ነውር ያለበት ወይም ከተነገረው ውጭ የሆነ እንደሆነ ነው። እዚህ ላይ ሸሪዓ ለገዢው ኺያሩ-ል-ዐይብ፣ የነውር ምርጫ ሰጥቶታል። ከግዢው በፊት የነበረ፣ ገዢው ያላወቀው፣ የዕቃውን ዋጋ የሚቀንስ ነውር ከተገኘ ገዢው መልሶ ገንዘቡን የመቀበል ሐቅ አለው። ሻጭ «ከነውር ሁሉ ነጻ ነኝ» ብሎ ስለሚያስቀምጠው ቅድመ ሁኔታ በመዝሀቦች መካከል ዝርዝር ልዩነት አለ። ነገር ግን ነውሩን እያወቀ መደበቅ ሐራም በመሆኑ ላይ ልዩነት የለም። «አይመለስም» የሚል ወረቀት ሐራሙን ሐላል አያደርገውም። በምሳሌያችን ያነሣናቸው እናት «አዲስ» ተብለው አሮጌ ነው የተላከላቸው፤ ዕቃውን መልሰው 20,000 ብራቸውን የመቀበል ሙሉ ሐቅ አላቸው። ለማመላለሻ የወጣውም ወጪ ባታለለው ሰው ላይ መሆኑ ከፍትሕ የሚስማማ ነው፤ ሰበቡ እርሱ ነውና።

የሀገራችንም ሕግ በዚህ ላይ ዝም አላለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማቹ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ካገኘ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ቀኑ የሚቆጠረው ከግዢው መሆኑን አስተውሉ። ዕቃው በመንገድ ላይ አራትና አምስት ቀን ሲቆይ ጊዜው እያለቀ ነው። በሸሪዓም በተለይ በሻፊዒይ መዝሀብ፣ ነውሩን ያወቀ ሰው ሳይዘገይ መናገር አለበት። ነውሩን ካወቀ በኋላ ሲጠቀምበት የሰነበተ እንደ ወደደው ይቆጠራል። ስለዚህ «በኋላ እነግረዋለሁ» ማለት ሐቅን ያሳጣል።

ገንዘብ የሚመልስ ሻጭም «ዛሬ፣ ነገ» እያለ ማመላለስ የለበትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መክፈል የሚችል ሰው ዕዳውን ማዘግየቱ በደል መሆኑን አስተምረዋል፤ ሐዲሡን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ገንዘብ ለመቀበል አንድ ደቂቃ የበቃው ሰው ለመመለስ ወር አያስፈልገውም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን እናስታውሳለን። እንዲህ ያለ ዑዝር ሲኖር ጊዜ ይሰጣል፤ ዕዳው ግን አይሰረዝም። «ኔትወርክ የለም» የሚለው ቃል ኔትወርክ ሲመጣ ያበቃል።

ሐሳብ ሲቀየር፦ ኢቃላ

ሁለተኛው፣ ዕቃው እንደተነገረው ሆኖ ገዢው ሐሳቡን የቀየረ እንደሆነ ነው። ቀለሙ አላማረውም፣ ወይም ገንዘቡ ለሌላ ነገር አስፈለገው። እዚህ ላይ ግዢው ተጠናቋልና ሻጩ የመመለስ ግዴታ የለበትም። አስቀድመው «እስከ ሦስት ቀን መመለስ ይቻላል» ብለው ከተስማሙ ግን ስምምነቱ ይጸናል። ይህም ኺያሩ-ሽ-ሸርጥ ይባላል። ሒባን ኢብኑ ሙንቂዝ (ረ.ዐ) የተባሉት ሶሓባ በግብይት ይታለሉ ስለነበር፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲገዙ ማታለል እንደሌለ እንዲናገሩ መክረዋቸዋል፤ በአንዳንድ ዘገባም የሦስት ቀን ምርጫ ተሰጥቷቸዋል። በስልክ የምንገዛ ሁሉ ይህን ቅድመ ሁኔታ ከመክፈላችን በፊት ብንጠይቅ አያሳፍርም። እምቢ የሚል ሻጭ ካለም እምቢታውን ከመክፈላችን በፊት ማወቃችን ይጠቅመናል።

ቅድመ ሁኔታም ባይኖር ሸሪዓ አንድ የመልካምነት በር ከፍቷል። ኢቃላ ይባላል። የተጸጸተን ገዢ ወይም ሻጭ ውሉን አፍርሶለት የለቀቀውን ሰው፣ አላህ በቂያማ ቀን ስሕተቱን እንደሚያነሣለት በአቡ ዳውድና በኢብኑ ማጃህ ዘገባ ተላልፏል። ነጋዴ ወንድሞቻችን ሆይ፣ በትርፍ መዝገባችሁ ላይ የማይጻፍ ትርፍ ይህ ነው። ብዙ ዑለማዎች ኢቃላ በመጀመሪያው ዋጋ ሊሆን ይገባል ይላሉ። ዕቃውን በ5,000 ሸጦ «እመልሳለሁ፣ ግን 4,000 ነው የምሰጥህ» ማለት ኢቃላ አይባልም፤ አዲስ ግዢ ነው። ሐሳቡን የቀየረው ገዢው ከሆነ ግን የማመላለሻውን ወጪ ራሱ ይቻል።

የሌለውን ዕቃ መሸጥ

ብዙ ወጣቶቻችን ያለ ሱቅ በስልክ ብቻ መነገድ ጀምረዋል። ሐላል ሲሳይ መፈለጋቸው ያስመሰግናል። አሠራሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዳንዱ የሌላ ሱቅ ፎቶ ለጥፎ ገንዘብ ይቀበላል፤ ከዚያ ነው ዕቃውን ሊገዛ የሚወጣው። ካላገኘው ወይም ዋጋው ከጨመረበት ስልኩን ይዘጋል፤ ወይም ሌላ ዕቃ ይልካል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐኪም ኢብኑ ሒዛምን (ረ.ዐ) እጃቸው ላይ የሌለውን እንዳይሸጡ የከለከሏቸው ይህን የመሰለ ጣጣ እንዳይመጣ ነው።

ሐላል የሆነው መንገድ ሰፊ ነው። አንደኛ፣ ዕቃውን ገዝቶ እጁ ካስገባ በኋላ መሸጥ። ሁለተኛ፣ ወኪል መሆን፤ «ዕቃው የእኔ አይደለም፣ ገዝቼ እልክልሃለሁ፣ ለድካሜ ይህን ያህል ትከፍለኛለህ» ብሎ በግልጽ መነጋገር። ሦስተኛ፣ የሰለምን ውል በመስፈርቱ መፈጸም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች ለአንድና ለሁለት ዓመት በቅድሚያ ለፍራፍሬ ይከፍሉ ነበር። እርሳቸውም ስፍሩ፣ ሚዛኑና ቀኑ የታወቀ እንዲሆን አዘዙ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ነው። «በቅርቡ ይደርሳል» የታወቀ ቀን አይደለም። «ኦሪጅናል ነው» ማለትም ብቻውን የታወቀ ገለጻ አይሆንም።

መንገድ ላይ የጠፋ ወይም የተሰበረ

ከአዲስ አበባ እስከ ወልዲያ፣ ከዚያም በባጃጅ እስከ ቤታችን፣ ዕቃው በብዙ እጅ ያልፋል። ሻጩ «እኔ ጭኛለሁ» ይላል፤ ረዳቱ «እንደተሰጠኝ ነው ያመጣሁት» ይላል። በሐነፊይም በሻፊዒይም መዝሀብ መሠረቱ አንድ ነው፦ ገዢው እስኪረከብ ድረስ የዕቃው ኃላፊነት የሻጩ ነው። ሻጩ በመረጠው መኪና ከላከ መንገድ ላይ የጠፋው የሻጩ ኪሳራ ነው። ገዢው ግን «ለእገሌ ስጥልኝ፣ እርሱ ያመጣልኛል» ብሎ የራሱን ሰው ከመረጠ፣ ለዚያ ሰው ማስረከብ ለገዢው እንደማስረከብ ነው። ከመላኩ በፊት «ኃላፊነቱ እስከ የት ነው?» ብሎ መነጋገር ጭቅጭቁን ከሥሩ ይነቅለዋል።

ሹፌሩ፣ ረዳቱና በሞተር የሚያደርሰው ልጅም የሰው አማና ተሸክመዋል። ዕቃውን ወርውረው ወይም ዝናብ ላይ ትተው ካበላሹ ይጠየቁበታል። ተጠንቅቀው ሳለ ከአቅማቸው በላይ በሆነ ነገር ለጠፋው ግን ያለ ማስረጃ አንወንጅላቸው።

የገዢም አማና አለ

እስካሁን ስለ ሻጭ ብዙ ተናግረናል። ሐቁ ግን ሁለት አፍ አለው። ያልከፈለውን እንደከፈለ አድርጎ የሐሰት ደረሰኝ ፎቶ የሚልክ ገዢ አለ፤ ይህ ስርቆት ነው። ዕቃ አዝዞ ሞተረኛው በር ላይ ሲደርስ ስልኩን የሚያጠፋ አለ። የዚያ ልጅ ነዳጅና ድካም የት ይግባ? ለዒድ ልብስ ገዝቶ፣ ሶላተል ዒድ ሰግዶበት፣ ዘመድ ጠይቆበት፣ በማግሥቱ «አልሆነኝም» ብሎ የሚመልስም አለ። ራሱ የጣለውን ስልክ «ሲመጣ የተሰነጠቀ ነበር» የሚልም አይጠፋም። ሱረቱ-ል-ሙጠፊፊን ለራሳቸው ሲሰፍሩ ሞልተው፣ ለሰው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉትን ትወቅሳለች። የሻጭን ውሸት እየረገምን የራሳችንን ውሸት ብልጠት የምንል ከሆነ፣ ወቀሳው እኛንም ይመለከታል።

ምን እናድርግ?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ-ል-በቀራህ 282ኛ አንቀጽ እስከ ተወሰነ ጊዜ የሚቆይን ዕዳ እንድንጽፍ አዞናል። ገንዘቡ ሄዶ ዕቃው ያልመጣበት ግዢ ሁሉ ዕዳ ነው። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ በስልክ የተነጋገራችሁትን በጽሑፍ አስደግሙት። የዕቃው ዓይነት፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ፣ ዋጋው፣ የሚደርስበት ቀን፣ የመመለሻው ሁኔታ ይጻፍ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷልና መልእክቱን አታጥፉት።

ሁለተኛ፣ ከተቻለ ዕቃው እጃችሁ ሲገባ ክፈሉ። ካልተቻለ የተወሰነውን አስቀድማችሁ ቀሪውን ከተረከባችሁ በኋላ ክፈሉ። ለማታውቁት ሻጭ የመጀመሪያው ትእዛዝ ትንሽ ይሁን። የንግድ ፈቃዱንና ደረሰኝ የሚሰጥ መሆኑን ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ካርቶኑን መናኸሪያው ላይ፣ ባመጣው ሰው ፊት ፍቱት፤ ስትፈቱም አንድ ልጅ በስልክ ይቅረጽ። ጉድለት ካለ በዚያው ቀን ለሻጩ ፎቶውን ላኩለት፤ ዕቃውንም አትጠቀሙበት።

አራተኛ፣ የምስጢር ቁጥራችሁን «ገንዘቡን ልመልስልህ» ለሚልም ቢሆን አትስጡ። ገንዘብ ለመቀበል የምስጢር ቁጥር አያስፈልግም።

አምስተኛ፣ ጭቅጭቅ ከተነሣ በመልካም ቃል ጀምሩ። ካልሆነ በሽማግሌ ሱልሕ አድርጉ። እርሱም ካልሆነ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤት በሉ። ሐቅን በሕግ መጠየቅ ነውር አይደለም። ያለ ማስረጃ የሰውን ስም በየቻናሉ ማጥፋት ግን ሌላ ዕዳ ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ በድሮው ገበያ ሻጭና ገዢ በማግሥቱ መስጂድ ወይም ለቅሶ ቤት ይገናኙ ስለነበር ሐፍረት ራሱ ዳኛ ነበር። በስልኩ ገበያ ይህ ሐፍረት የለም። ስሙን ቀይሮ ሌላ ቻናል የሚከፍት ሰው ከሰው ዓይን ያመልጣል፤ ከአላህ እይታ ግን አያመልጥም። ሲሸጥ፣ ሲገዛና ሐቁን ሲጠይቅ ገር ለሆነ ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአላህን እዝነት እንደለመኑለት ቡኻሪ ከጃቢር (ረ.ዐ) ዘግበውልናል። ከነዚያ ገሮች እንሁን።

አላህ ሲሳያችንን ሐላል፣ ንግዳችንን በረካ ያለው ያድርግልን። በባዕድ ሀገር ለፍተው የሚልኩልንን ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ላባቸውንም ለአታላይ ሲሳይ አያድርግብን። አሚን። ወላሁ አዕለም።